አንበሶና የፋሲካው ገበታ

በእኛ ቤት የፋሲካ ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ማንም ሰው በቀጥታ ሥጋ አይነካም። እናቴ አስቀድማ ያዘጋጀችውን ተልባ ታድለናለች። «55 ቀን የጾመ አንጀት በአንድ ጊዜ አይደፈርም» ትላለች። አምና በዚያ ሌሊት ሁላችንም ተልባችንን ጠጣን። በረንዳው ላይ የተኛውን የሁለት ወር ቡችላዬን የአንበሶን አንጀት ግን ያሰበለት አልነበረም።

አንበሶን የተቀበልኩት ከበዓሉ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ነው። የሰጡኝ ጎረቤት ደረቅ የቡችላ ምግብ ለብ ባለ ውኃ እያራሱ በቀን አራት ጊዜ ያበሉት ነበር፤ ለእኔም ጥቂት በላስቲክ ቋጥረው ሰጡኝ። ቅዳሜ ማታ አለቀ። አልተጨነቅሁም። በማግሥቱ በግ ይታረዳል፤ ለውሻ ከዚህ የተሻለ ምን ምግብ አለ ብዬ አሰብኩ።

እሑድ ጠዋት ጮማ ቆራርጬ ሰጠሁት፤ በላዩ አንድ ሳህን የላም ወተት ጨመርኩለት። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ በዶሮ ወጥ የራሰ እንጀራ አጉርሶት ኖሯል። ሁላችንም ያደረግነው ከፍቅር ነበር።

ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ አስመለሰው። ሲነጋ ተቅማጡ እንደ ውኃ ይወርድ ጀመር። እናቴ ለሆድ ሕመም ሁሉ የምታምንበትን ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ወቅጣ አመጣች፤ ቡችላው ግን አፉን አልከፍትም አለ። እኔም የበዓል ሰሞን ሐኪም አይገኝም በሚል ግምት ስልክ እንኳ ሳልደውል ሰኞን በሙሉ አሳለፍኩ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህ ነው። አንበሶ ያን ጊዜ የሚመዝነው 3 ኪሎ ብቻ ነበር፤ እንዲህ ያለ ትንሽ አካል ውኃ ሲያጣ ብዙ አይቆይም። ማክሰኞ ጠዋት ስጠራው ጭንቅላቱን እንኳ ቀና አላደረገም።

የእንስሳት ሐኪሙ የትከሻውን ቆዳ በሁለት ጣታቸው ያዝ አድርገው ለቀቁት። ወደ ቦታው የተመለሰው ቀስ ብሎ ነበር፤ ውኃ እንዳነሰው ያወቁት በዚህ ነው። ድዱም ደርቆ ነበር። መጀመሪያ ያሰቡት ፓርቮን ነው። ይህ ቫይረስ ክትባቱን ያልጨረሰ ቡችላን በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊገድል ይችላል፤ አንበሶ ደግሞ የወሰደው የመጀመሪያውን ክትባት ብቻ ነበር። የምርመራውን ውጤት ስጠብቅ የነበሩት ደቂቃዎች እንዴት እንደረዘሙብኝ አልረሳም። ፓርቮ አልነበረም። በሰገራው ውስጥ ግን የወስፋት እንቁላል ተገኘ፤ ብዙ ቡችሎች ወስፋትን ገና በማኅፀን ሳሉ ከእናታቸው ይወስዱታል።

«ምን በላ?» ሲሉኝ ዘርዝሬ ነገርኳቸው። ሐኪሙ አልተቆጡኝም። በአንጀት ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች በለመዱት ምግብ ልክ የተሰናዱ ናቸው፤ ምግቡ በድንገት ሲለወጥ ሳይፈጭ የቀረው ምግብ ውኃ እየሳበ ተቅማጥ ይሆናል አሉኝ። ጡት የተወ ቡችላ የወተትን ስኳር የሚፈጭበት አቅም እየቀነሰ ይሄዳል። ጮማው ደግሞ ቆሽትን ሊያስቆጣ ይችላል። ከሁሉ ያሳሰባቸው ወጡ ነበር፤ ቀይም ሆነ ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ያፈርሳል፣ ጉዳቱም ከቀናት በኋላ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ድዱ እንዳይነጣ፣ ሽንቱም እንዳይጠቁር ለአንድ ሳምንት በየዕለቱ እንድከታተል አዘዙኝ። የእናቴን መድኃኒት አለመዋጡ ምን ያህል እንደጠቀመው ያወቅሁት ያኔ ነው።

ከቆዳው ሥር ፈሳሽ ሰጡት፤ የወስፋት መድኃኒትም ጨመሩ። ለሰው የሚታዘዝ የተቅማጥ ማቆሚያ እንዳልሰጠው አስጠነቀቁኝ። የታመመ ሆድ ይረፍ ብዬ ምግብ መከልከል እንደሌለብኝም ነገሩኝ፤ ትንሽ ቡችላ ረጅም ሰዓት ሳይበላ ከቆየ የደሙ ስኳር ይወርዳል። ቤት እንደገባን ያለ ጨው የተቀቀለ ሩዝና ቆዳው የተገፈፈ የዶሮ ሥጋ በቀን ስድስት ጊዜ በትንሽ በትንሹ ሰጠሁት፤ በውኃ የሚበጠበጠውን የጨውና የስኳር ዱቄት፣ ኦአርኤስን፣ ደግሞ በማንኪያ። በሦስተኛው ቀን ሰገራው መልክ ያዘ። ጅራቱን ሲቆላ እናቴ እልል አለች።

ጎረቤታችን ከቀድሞው ምግብ አካፈሉኝና ወደዚያ ተመለሰ። ይሁን እንጂ ያው ዓይነት በገበያ ላይ ስላልተገኘ ሌላ መግዛት ግድ ሆነ። በዚህ ጊዜ መለኪያዬ የቡና ሲኒ ነበር። የቀን ድርሻው 4 ሲኒ ደረቅ ምግብ ነው። ለሦስት ቀን ሦስቱን ከቀድሞው፣ አንዱን ከአዲሱ ቀላቅዬ በውኃ እያራስኩ ለአራት ጊዜ አካፈልኩት። ከዚያ እኩል በእኩል አደረግሁ። በአምስተኛው ቀን ሰገራው ላላ አለ፤ ደነገጥኩ፤ ነገር ግን ይጫወታል፣ ይበላል፣ አላስመለሰውም። ስለዚህ ወደ ሦስተኛው ሲኒ ሳልሻገር እዚያው ሁለት ቀን ጨምሬ ቆየሁ። ሰገራው ሲጠነክር ቀጠልኩ። በአጠቃላይ 12 ቀን ፈጀ። በሰገራው ደም ቢታይ፣ ደጋግሞ ቢያስመልሰው ወይም እንደዚያ ማክሰኞ ቢደክም ኖሮ ግን ሲኒ መቁጠሩን ትቼ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም እሮጥ ነበር።

ዘንድሮ በስቅለት ዋዜማ እናቴ ገና ስለ ዶሮውና ስለ እንቁላሉ ሳታነሳ የጠየቀችኝ የአንበሶ ምግብ ስንት ሲኒ እንደቀረ ነበር።