የትምህርት ቤቶቻችን መሪ ሲመረጥ ሐበሻ ወላጆችን እንዴት እንዳሰባሰብኩ

የአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሱፐርኢንተንደንት (የትምህርት ቤቶቹ ሁሉ የበላይ ኃላፊ) የነበሩት ዶክተር ግሪጎሪ ሃቺንግስ በ2022 ሲለቁ፣ እኛ ሐበሻ ወላጆች በተተኪው ምርጫ ዳር ተመልካች እንዳንሆን ቆርጬ ተነሣሁ። በከተማዋ ተማሪዎች ቤት ከእንግሊዝኛ ሌላ በብዛት ከሚነገሩት ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ሆኖም የመሪ ነገር ሲነሣ "እሱ የነጭና የጥቁር አሜሪካኖች ጉዳይ ነው" የሚለኝ ወላጅ ብዙ ነበር።

መጀመሪያ አሠራሩን አጠናሁ። ሱፐርኢንተንደንቱን የሚቀጥረው ሕዝብ የመረጠው፣ ዘጠኝ አባላት ያሉት የትምህርት ቦርድ ነው። እንዲህ ዓይነት ቅጥር ላይ የእጩዎች ስም አደባባይ ሲወጣ ነገሩ ያለቀ ያህል ነው። ወላጅ የሚደመጠው ቀደም ብሎ፣ ምን ዓይነት ሰው እንደሚፈለግ መጠይቅ ሲበተንና ስብሰባ ሲጠራ ነው። ጉልበቴን እዚያ ላይ አዋልኩት።

የማታ ስብሰባ ለኛ ሰው አይመችም፤ ታክሲ የሚነዳው፣ ሆስፒታል የሚያድረው ብዙ ነው። ስለዚህ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በረንዳው ላይ እየጠበቅሁ መጠይቁን በየስልካቸው አብረን ሞላን። አንዲት እናት ዘር የሚለው ጥያቄ ላይ ስትደርስ ቀና ብላ አየችኝ። "እህቴ፣ ኢትዮጵያዊ የሚል የለም እኮ፤ ልዝለለው?" አለች። እንዳትዘል ለመንኳት። ልጇ የሚቆጠረው በጥቁር ተማሪዎች ውስጥ ነው፤ ማን እንደተቀጣ፣ ማን ከፍ ያለ ሒሳብ ክፍል እንደገባ የሚታየውም በዚያው ቁጥር ነው። በ2024 የወጣው የፌዴራል መመዘኛ በጥቁር ሥር ኢትዮጵያዊ የሚል ዝርዝር ማስገባቱ ደስ ብሎኛል፤ ያኔ ግን አልነበረም።

ከቅስቀሳዬ ሁሉ በላይ የሠራው የከተማዋን ታሪክ መንገር ነው። በዕድር ስብሰባ ላይ ስለ ቲ.ሲ. ዊሊያምስ አወራሁ። ይህ ሰው ለረጅም ዓመታት የከተማዋ ሱፐርኢንተንደንት ሆኖ፣ ጥቁርና ነጭ ልጆች ተለያይተው እንዲማሩ ሲሟገት የኖረ ነው። በ1958 ብሎይስ ሃንድሊ የምትባል ጥቁር የትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ፣ ትምህርት ቤቶቹ እንዲዋሐዱ በተመሠረተው ክስ ስለገባች ከሥራ አባረራት። በ1959 በፍርድ ቤት ትእዛዝ የመጀመሪያዎቹ ጥቁር ተማሪዎች የነጮች ወደነበሩት ትምህርት ቤቶች ገቡ። በስሙ ይጠራ ከነበረው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ላይ ስሙ የተነሣው ግን በ2021 ነው። "እና እኛ በዚያች አብሳይ እንጀራ ነው ልጅ የምናስተምረው?" አሉ አንድ ጋሼ። ከዚያ በኋላ የጥቁር አሜሪካውያን ወላጆች በጠሩት ስብሰባ ላይ አብረን ለመቀመጥ ማንም አላንገራገረም።

ክርክር አልጠፋም። አንዳንዱ "ችሎታው እንጂ ቀለሙ ምን ያደርግልናል?" ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። በአንድ ሰው ቃል አብሳይ ሊባረር በሚችልበት ወንበር ላይ ማን እንደሚቀመጥ ልጅ ያያል። መልክ ብቻውን ግን ሥራ አይሠራም፤ ስለዚህ ከመልክ ጋር ጥያቄያችንን አብረን አቀረብን፦ እንግሊዝኛ ገና የሚማር ልጅ ከጠንካራ ክፍሎች እንዳይታገድ፣ ጥቁር ልጆች ላይ የሚበዛው ቅጣት እንዲመረመር፣ ልጅም ለእናቱ እንዳያስተረጉም በቂ አስተርጓሚ እንዲኖር። እነዚህን በአንድ ገጽ ጽፈን፣ ሁላችንም ተመሳሳይ ነገር ተናገርን። እያንዳንዱ የራሱን ብሶት ይዞ ቢሄድ ኖሮ ድምፃችን ይበታተን ነበር።

በ2023 ዶክተር ሜላኒ ኬይ-ዋያት፣ ጥቁር ሴት፣ ተሾሙ። እኛ ያንኑ ገጽ ይዘን ወደ ቦርዱ መሄዳችንን ቀጠልን።

ሌላ ከተማ ላላችሁ፦ እንደ ቨርጂኒያ ባሉ ቦታዎች ለቦርድ አባላት ድምፅ ለመስጠት ዜግነት ያስፈልጋል፤ መጠይቅ ለመሙላትና በቦርድ ፊት ለመናገር ግን ግሪን ካርድ ያለው ወላጅም ይችላል። በቨርጂኒያ የሱፐርኢንተንደንት ውል በአንድ ጊዜ ከአራት ዓመት አይበልጥም። የእናንተ መሪ ውል መቼ እንደሚያልቅ ቦርዱን ጠይቁና የቴሌግራም ቡድናችሁን ከዚያ አንድ ዓመት ቀድማችሁ ክፈቱ።