ባሕር ዳርን ከውሃው በኩል

አባዬ ጣና ውስጥ የገባችው ባሕረ ገብ መሬት፣ የዘጌ ልጅ ነው፤ እኔ ተወልጄ ያደግሁት ባሕር ዳር። ስለዚህ ከተማዋን የማውቃት እኔ ነኝ ብዬ ነበር የማስበው። እስካለፈው እሑድ ድረስ።

ጥቅምት ነው። ዝናቡ ቆሟል፣ ጣና ጢም ብሎ ሞልቷል። ባለቤቴ «ዛሬ ባጃጅ የለም፣ በእግራችን ነው» አለ። አባዬን ጉልበቱን ስለሚያመው እኔ ሰግቼ ነበር። እሱ ግን ከዘራውን ይዞ፣ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ከሁላችን ቀድሞ በር ላይ ቆመ።

መጀመሪያ ጊዮርጊስ ሄደን ተሳለምን። ግቢው ውስጥ ያለውን አሮጌ የድንጋይ ፎቅ ለልጆቹ አሳየኋቸው። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እዚህ አገር የነበረው ፔድሮ ፓኤዝ የሚባል የኢየሱሳውያን ቄስ እንዳሠራው ይነገራል። አባዬ ግን ፎቁን ዞር ብሎም አላየው። ቀና ብሎ ዛፎቹን ነበር የሚያየው።

«ከውሃው ላይ መጀመሪያ የሚታየን እኮ ይሄ ነው» አለው ለወንዱ ልጄ። «የጊዮርጊስን ዛፍ አይተህ ታንኳህን ታቀናለህ።»

ዘጌ በሬ አይጠመድም። አቡነ በትረ ማርያም ካቆሙት ሥርዓት የመጣ ነው ይባላል፤ እርሻም የለም፣ ከብትም አይረባም። ኑሮው ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ነው። እህል ከገበያ ይሸመታል። ስለዚህ አባዬ ገና ልጅ ሳለ ከአያቴ ጋር ቡናውን፣ ጌሾውንና እንጨቱን ታንኳ ላይ ጭነው ለቅዳሜ ገበያ ይመጡ ነበር። በሌሊት ነው የሚነሱት። «ጣና ጠዋት ይተኛል፣ ከሰዓት ይነሳል» ይላል። ነፋሱ ከመጣ ማዕበሉ ደንገል ከሚባለው የውሃ ዳር ተክል ለሚታሰር ታንኳ አይመችማ።

ከጊዮርጊስ ወጥተን በባሕሩ ዳር ዳር ሄድን። ድንጋይ የተነጠፈበት የእግር መንገድ አለ፣ ያምራል። አባዬ ግን አንድ ቦታ ፈለገ፤ ጭነት ያራግፉበት የነበረውን። አሁን አጥር ገብቶበታል፣ ውስጡ መዝናኛ ነው። ጥበቃው ትሑት ልጅ ነው፤ «አባቴ፣ ካልተጠቀማችሁ መግባት አይቻልም» አለን። አባዬ ምንም አልተናገረም። በአጥሩ ክፍተት ትንሽ አይቶ መንገዱን ቀጠለ። እኔን ግን አንገበገበኝ። ስሟ ራሱ ባሕር ዳር የሆነች ከተማ ውስጥ ሽማግሌ ሰው ውሃውን ለማየት ሻይ ማዘዝ የለበትም። የተከፈተው መንገድ ይበቃል የሚለኝ ካለ፣ አይበቃም። ዳሩ ሁሉ የሕዝብ ይሁን።

ትንሽ እልፍ ስንል አንድ ታንኳ ዳር ላይ ቀጥ ብሎ፣ ዛፍ ተደግፎ ቆሟል። ትንሿ ልጄ «አባባ፣ ለምን አቆሙት?» አለችው። ፊቱ በራ። ደንገል ውሃ ይጠጣል፤ ሲውል እየከበደ ይመጣል። ከውሃ ሲወጣ እንዲህ ቆሞ ካልደረቀ ቶሎ ይበሰብሳል። ደህና የተያዘው እንኳ የሚያገለግለው ወራት ነው፣ ዓመት አይሞላም። እጇን ይዞ እስሩን አስነካት። ላዩ ደርቆ ይንኮሻኮሻል፤ በጣቷ ጫን ስትለው ግን ውስጡ እንደ ስፖንጅ ነው፣ ውሃ ጠብ ይላል። ባለቤቱ፣ አሳ አጥማጅ ነው፣ መጥቶ ሰላም አለን። ሁለቱ ስለ ደንገል ማውራት ጀመሩ። ዱሮ ዳሩ ሁሉ ደንገል ነበር፣ አሁን ለማጨድ ሩቅ መሄድ ነው። ከጣና ማዶ ደግሞ እንቦጩ አለ። አባዬ በሐዘን ራሱን ነቀነቀ።

አጥማጁ ለልጄ ከደንገል የተሠራች ክንድ የማትሞላ መጫወቻ ታንኳ ሸጠላት። አባዬ ተቀብሎ አገላበጣት። «አፍንጫዋ ወድቋል» አለና እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ገመዷን ፈታ። ጣቶቹ ይንቀጠቀጣሉ፤ ቋጠሮው ላይ ሲደርሱ ግን ቀጥ አሉ። ጫፏን ወደ ላይ ሳብ አድርጎ መልሶ አሰራት። አጥማጁ ቆሞ ሲያይ ቆየና «የኛ ሰው ኖት ለካ!» አለው።

ምሳ የቆሮሶ ዓሣ ጥብስ በላን፣ በዳጣ። ሙሉውን፣ ከነራሱ። ልጆቹ እሾሁን ፈርተው አባዬ እየለቀመ አጎረሳቸው።

ከዚያ ዓባይ። በ2016 ግንቦት የተመረቀውን አዲሱን ድልድይ በእግር ተሻገርነው። 380 ሜትር ነው፤ ወንዱ ልጄ በእርምጃ እቆጥራለሁ ብሎ መሃል ላይ ጠፋበት። ትንሿ ልጄ ባለቤቴ ጫንቃ ላይ እሽኮኮ ሆናለች። ውሃው ከጣና ወጥቶ ቀስ ብሎ፣ የሚሄድ እንኳ ሳይመስል ይሄዳል። «ይሄ ነው ግብፅ የሚደርሰው?» አለ ልጄ። አባዬ «ግንድ ይዞ ይዞራል ሲባል አልሰማህም?» አለው። ጉማሬ እናያለን ብለን ብዙ ቆምን፣ አልወጣልንም። አባዬ ግን ወደ ውሃው አልነበረም የሚያየው፤ ወደ ጣና፣ ወደ ዘጌ በኩል ነበር። «ለጥምቀት ውሰጂኝ» አለኝ። «በጀልባ ግን። በመኪና አልፈልግም።» እሺ አልኩት።

ማታ ትንሿ ልጄ ታንኳዋን ሳፋ ውስጥ ስታንሳፍፍ አመሸች። ልተኛ ስል የበረንዳውን በር ልዘጋ ወጣሁ። ታንኳዋ ግድግዳ ተደግፋ፣ አፍንጫዋ ወደ ላይ፣ ቀጥ ብላ ቆማለች። ከሥሯ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል።