ለብሉቤሪ ብዬ ሜይን ድረስ

ብሉቤሪ የሚባለውን ትንሽ ሰማያዊ ፍሬ ፍለጋ ወደ አሜሪካዋ ሜይን ግዛት ስሄድ፣ ከቦስተን እስከ ባንጎር በአውቶቡስ ነበር። ብዙውን መንገድ ተኝቼ ስላለፍኩት የምጽፈው የለኝም። ከባንጎር መኪና ተከራይቼ ወደ ምሥራቅ ነዳሁ።

ማደሪያዬ ግን ይጻፍ። በሜይን ግዛት የዱር ብሉቤሪ የሚለቀመው በኦገስት ነው፤ የማቻያስ ከተማም ፌስቲቫሏን የምታደርገው በዚሁ ወር ነው። የሞቴሉ ሰውዬ ይህን አሳምሮ ያውቃል። ለአንድ ሌሊት 189 ዶላር ተቀበለኝ። በዚህ ዋጋ የደረሰኝ በደንብ የማይዘጋ መስኮት፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚያጓራ ፍሪጅና የትንኝ መዓት ነው። ጠዋት ብሉቤሪ ማፊን ብለው ያቀረቡልኝም ስኳር ነው፤ ፍሬው ለምስክር ያህል ጣል ጣል ተደርጎበታል።

ቼሪፊልድ አካባቢ ሜዳው ላይ ስደርስ ንዴቴ በረደ። ዓይን እስከሚያይ ድረስ ሰማያዊ ነው። ቁጥቋጦው ከጉልበት አይደርስም። የተከለውም ሰው የለም፤ ጥንት የበረዶ ግግር ትቶት የሄደው አሸዋማና አሲዳማ አፈር ላይ ራሱ የበቀለ ነው። ገበሬዎቹ ሜዳውን ያቃጥሉታል ወይም ያጭዱታል። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ያድጋል፣ በሁለተኛው ያፈራል።

አሁን በብዛት የሚለቀመው በማሽን ነው፤ አንድ ሽማግሌ ግን በእጅ ሲለቅሙ አገኘኋቸው። መሣሪያው ሬክ ይባላል፤ የሚዶ ጥርስ ያለው አካፋ በሉት። ጎንበስ ብሎ ከሥር ገፋ፣ ከዚያ ቀና ማድረግ ነው። እስቲ ሞክር ብለው ሰጡኝ። ወገቤ ብዙ አልታገሰም።

ከባልዲያቸው አንድ ጭብጥ ዘገኑልኝ። ፍሬው ላይ ያለውን ነጭ ብናኝ ልጠርግ ስል "ተወው፣ የራሱ ሰም ነው" አሉኝ። እርጥበቱን የሚጠብቅለት እሱ ነው። ለዚህም ነው ብሉቤሪ የሚታጠበው ሊበላ ሲል ብቻ የሚሆነው። አጥበው ካስቀመጡት ቶሎ ይሻግታል።

አንዷን በጥርሴ ከፈልኳት። ውስጧ ነጣ ያለ አረንጓዴ ነው፤ ሰማያዊው ልጣጩ ላይ ቀርቷል። ለጤና ይበጃል ተብሎ ያ ሁሉ ወሬ የሚወራለት አንቶሲያኒን የሚባለው ንጥረ ነገር ደግሞ ቀለሙ ራሱ ነው። የዱሩ ፍሬ ትንንሽ ስለሆነ በአንድ ጭብጥ ውስጥ ብዙ ልጣጭ ይገባል። እኛ ሰፈር ሱፐርማርኬት ያለው ትልልቁ ዝርያ ገበሬዋ ኤልዛቤት ኋይትና የዕፅዋት ተመራማሪው ፍሬድሪክ ኮቪል በኒው ጀርሲ አልምተው እ.ኤ.አ. በ1916 ለገበያ ያበቁት ነው። መልኩ ያምራል፣ ለኔ ግን ውሃ ውሃ ይላል።

ጤናን በተመለከተ ማጋነን አልወድም። አንድ ኩባያ፣ ማለትም 150 ግራም ገደማ፣ ወደ 85 ካሎሪና ከ3 ግራም በላይ አሰር አለው። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣ የእንግሊዝ ጥናት፣ ሜታቦሊክ ሲንድረም (እንደ ቦርጭ፣ የደም ግፊትና የደም ስኳር መጨመር ያሉ ችግሮች አንድ ላይ ሲገኙ) ያለባቸው ሰዎች በየቀኑ ይህን ያህል ለ6 ወር ሲወስዱ የደም ሥራቸው አሠራር ተሻሽሏል። ሰውነታቸው ለኢንሱሊን ያለው ምላሽ ግን አልተለወጠም። ስለዚህ ብሉቤሪ ስኳር በሽታን ያድናል የሚላችሁን አትስሙ።

ስመለስ መንገድ ዳር ጠረጴዛ ላይ የተደረደረ ብሉቤሪና የገንዘብ ሳጥን አየሁ። ሻጭ የለም። እኔ በምኖርበት ከተማ ቢሆን ሳጥኑም አይገኝም ነበር። ዋጋው 8 ዶላር፣ እኔ የያዝኩት ባለ 20 ኖት ነው። የቤቱ እመቤት ወጡና "ውሰደው፣ ስትመለስ ትከፍላለህ" አሉኝ። እንደማልመለስ ታርጋዬን አይተው ሳያውቁ አይቀሩም። ሃያውን ሳጥኑ ውስጥ ከትቼ ሄድኩ።

ሳልሄድ ግን አያያዙን ነገሩኝ። ሳይታጠብ ትሪ ላይ ዘርግቶ ፍሪዘር ውስጥ ማስገባት፣ በረዶ ሆኖ ሲጠነክር ወደ ከረጢት መገልበጥ። እንዲህ ከሆነ ፍሬው አይጣበቅም፣ አንቶሲያኒኑም በአብዛኛው ይቆያል። ጠዋት ትኩስ አጃ ላይ ሲበተን ይቀልጥና አጃውን ሐምራዊ ያደርገዋል፤ ስኳር አያስፈልገውም። እርጎ ላይ ከሆነ እንደቀዘቀዘ ይሻላል። ፍሬው በሊጥ ውስጥ ተጋግሮ የሚሠራው የብሉቤሪ ፓይ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የግዛቷ ይፋዊ ጣፋጭ ነው። እሱንም በላሁ፤ ጣፍጦኛል፣ ለጤና ብዬ ግን አልበላሁትም።