«ፎርማት ይፈልጋል» ሲሉኝ እሺ ያልኩበት ቀን

የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ሆኜ ከተመረጥኩ ጀምሮ የምሠራበት ኮምፒውተር ልጄ ትታልኝ የሄደችው አሮጌ ዴስክቶፕ ነው። ዊንዶውስ 7 ተጭኖበታል፤ ራሙ፣ ማለትም ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ፣ 2 ጊጋ ባይት ነው። ማይክሮሶፍት ለዚህ ዊንዶውስ ድጋፍ መስጠት ያቆመው በጥር 2012 ዓ.ም. ስለሆነ «ጣለውና አዲስ ግዛ» ያላለኝ ሰው የለም። እኔ አልስማማም። የአባላት ስምና የወር መዋጮ ለመመዝገብ፣ ያውም ኢንተርኔት በማይገባበት ማሽን፣ አዲስ ኮምፒውተር መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

ክረምት ሲገባ ማሽኑ ይደርቅ ጀመር። ማውሱ ባለበት ይቆማል፣ ሰዓቱ እንኳ አይንቀሳቀስም፤ ቁልፉን ተጭኖ ከማጥፋት በቀር መላ የለውም።

አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ጠረግሁ። ራሙን ነቅዬ ወርቃማ ጥርሶቹን በላጲስ አሸሁና መልሼ ሰካሁ። (ጎሚስታ ቤት ወስደው በኮምፕረሰር የሚያስነፉ አሉ፤ ከአየሩ ጋር ውኃና ዘይት ስለሚወጣ አልመክርም።) ሁለት ቀን ደህና ሰነበተ፤ በሦስተኛው ቀን ደረቀ።

ያን ጊዜ ነው ተሸክሜ ወደ ጥገና ቤት የሄድኩት። ወጣቱ ቴክኒሻን ማሽኑን አብርቶ እስኪደርቅ እንኳ አልጠበቀም። «ጋሼ፣ ፎርማት ይፈልጋል» አለኝ፤ ዲስኩ ጸድቶ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫንበት ማለቱ ነው። ክዳኑን አልከፈተም። ምን እንደሆነ አልጠየቀም። ሐኪም ገና በር ላይ ያየውን በሽተኛ «ቀዶ ጥገና ግባ» እንደሚለው ያለ ነገር ነው፤ እኔም እሺ ብዬ ገባሁ።

ሃርድ ዲስኩ ሲ እና ዲ በሚባሉ ክፍሎች የተከፈለ ነው፤ ዊንዶውስ ያለው ሲ ላይ ነው። «ዳታ አለው?» ሲለኝ «ዲ ላይ ነው» አልኩት። «እንግዲያው አይነካም» አለ። እውነቱን ነው፤ ዲን አልነካም። የእድሩ መዝገብ ግን የነበረው ዲ ላይ አልነበረም። ሁልጊዜ ስከፍተው ዴስክቶፑ፣ ማለትም ሲበራ የሚታየው የፊቱ ስክሪን፣ ላይ ስለማየው፣ ዴስክቶፕ ላይ ያለ ነገር ሁሉ ሲ ውስጥ እንደሚቀመጥ አስቤው አላውቅም። ቤት መልሼ ሳበራው የፊቱ ስክሪን ባዶ ነበር፤ ሰማያዊው የዊንዶውስ ገጽ ብቻ። ወንበሩ ላይ ምን ያህል እንደተቀመጥኩ አላስታውስም። በማግስቱ ስመለስ ቴክኒሻኑ «ጠይቄዎት ነበር» አለኝ። መጠየቁስ ጠይቆኛል። ግን በቀን ስንት ሰው እንደ እኔ ተሳስቶ እንደሚሄድ የሚያውቀው እርሱ ነው፤ ዴስክቶፑን ከፍቶ «ይኼስ?» ቢለኝ ምን ይጎድልበት ነበር? ፎርማት ብቻ ቢሆን ኖሮ ፋይሎቹን በማዳኛ ፕሮግራም መፈለግ ይቻል ነበር፤ አዲሱ ዊንዶውስ በላያቸው ላይ ስለተጻፈ የተገኘው ፍርፋሪ ነው።

ኮምፒውተሩስ? በአራተኛው ቀን ደረቀ።

ወደ ጥገና ቤት ከመሄዴ በፊት ማድረግ የነበረብኝ ቀላል ሥራ ነበር። ሲደርቅ ኪቦርዱ ላይ ካፕስ ሎክን መጫን፤ የቁልፉ ትንሽ መብራት በተጫነ ቁጥር የማይበራና የማይጠፋ ከሆነ ማሽኑ ራሱ ቆሟል፣ ብዙውን ጊዜም ችግሩ ዕቃው ላይ ነው። መብራቱ ከታዘዘና ማሽኑ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ተመልሶ ከነቃ ሃርድ ዲስኩን ጠርጥሩ፤ ሌላ ነገር ሳትነኩ ፋይሎቻችሁን ቅዱ። ከዚያ ሊኑክስ (በዊንዶውስ ፈንታ ኮምፒውተር የሚያስነሣ ሌላ ሥርዓት) በተጫነበት ፍላሽ አስነሡት። እዚያም ከደረቀ ዊንዶውስ ንጹሕ ነው፣ ፎርማትም አያድነውም።

በንዴት ክዳኑን እንደገና ፈታሁት። መመሪያው «በባለሙያ ብቻ ይከፈት» ይላል፤ ባለሙያው ስላልከፈተው እኔ ከፈትኩት። ማዘርቦርዱ (ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) ላይ፣ ከፕሮሰሰሩ አጠገብ ከተደረደሩት ጣሳ መሰል ካፓሲተሮች የሦስቱ አናት አብጧል፣ አንዱም ቡናማ ፈሳሽ አውጥቷል። ወደ ፕሮሰሰሩ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚያረጋጉት እነርሱ ናቸው፤ በሙቀትና በዕድሜ ውስጣቸው ያለው ፈሳሽ ሲደርቅ ኤሌክትሪኩ ይዋዥቃል፣ ማሽኑም ይቆማል። ይህን ለማየት ዓይን ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ፓወር ሰፕላዩን፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ገመዱ የሚሰካበትን ሳጥን፣ ግን አትፍቱ፤ ከተነቀለ በኋላም ኤሌክትሪክ ይይዛል።

ካፓሲተሮቹን የቀየረልኝ ኮምፒውተር ጠጋኝ ሳይሆን ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግን ሽማግሌ ነው። ማይክሮፋራዱ (የካፓሲተሩ የመያዝ አቅም) ያው፣ ቮልቱ ያው ወይም ከፍ ያለ፣ ደግሞም ለማዘርቦርድ የሚሆን ዓይነት ይሁን ብሎ መርጦ በየደ።

የቀረው የመዝገቡ ነገር ነበር። ልጄ ከሁለት ዓመት በፊት የቀዳችው ቅጂ አሮጌ ፍላሽ ላይ ተገኘ፤ ስከፍተው ግን የላቲን ፊደልና ምልክት የተደበላለቀበት ሆነ። የጻፍኩት በቪዡዋል ግዕዝ ነበርና። እነዚያ የድሮ ፎንቶች የግዕዝን ቅርጽ በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ስለሚያስቀምጡ ፎንቱ ከሌለ ጽሑፉ አይነበብም። ፊደላችን በ1999 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት ሁሉ የየራሳቸውን ቁጥር የሚሰጥ የጋራ ሥርዓት) ውስጥ ገብቷል፤ እኔ ግን ከለመድኩት አልወጣሁም ነበር። ፎንቱን መልሼ ስጭን ስሞቹ ተመለሱ። የሁለቱ ዓመት መዋጮ ግን የለም።

ለገንዘብ ያዣችን ለመንገር ሦስት ቀን ፈራሁ። እትዬ ሁሉንም በእጃቸው ደብተር ላይ ይጽፋሉ፤ እኔም ስንት ጊዜ ቀልጄባቸዋለሁ። አልተቆጡም። «ስንት ገጽ ነው የጠፋብህ?» ብለው መነጽራቸውን አደረጉ። ደብተሩን ይዤ ልሂድ ስል ግን «ከቤት አይወጣም» አሉኝ።

ስለዚህ ኮምፒውተሩን በጋቢ ጠቅልዬ ወደ እርሳቸው ቤት ወሰድኩት። ዘጠኝ ምሽት፣ እርሳቸው እያነበቡልኝ እኔ ጻፍኩ። አንዴም አልደረቀም።