ጋላክሲ ኤ54 ወይስ ፒክስል 7ኤ?

ዛሬ ሁለቱንም ይዤ ስዞር ያየኝ ሰው ስልክ ነጋዴ ሳልመስለው አልቀረሁም 😄

የፒክስሉ ዋና የኋላ ካሜራ 64፣ የጋላክሲው 50 ሜጋፒክስል ነው፤ ግን ቁጥሩ አያታላችሁ። ሁለቱም አራት አራቱን ፒክስል (ፎቶው የሚሠራባቸውን ጥቃቅን ነጥቦች) እንደ አንድ አዋህደው ስለሚያነሱ የሚወጣው ፎቶ 16 እና 12 ሜጋፒክስል ገደማ ነው።

በፀሐይ የተነሱትን ለይ ብትሉኝ እቸገራለሁ። ልዩነቱ የወጣው መስኮቱን ከጀርባው አድርጎ የተቀመጠ ጓደኛዬን ሳነሳው ነው። ፒክስሉ ፊቱ ላይ ያለውን ጥላ ሳያጠፋ የቆዳውን ቀለም ጠበቀ፤ ጋላክሲው ደግሞ ፊቱን ወገግ አድርጎ ሰማዩንም ይበልጥ ሰማያዊ አደረገው። እሱ የጋላክሲውን ወደደ (ፎቶው የሱ ነው፣ መብቱ ነው)፣ እኔ የፒክስሉን።

ሴልፊ የምታበዙ ግን የጋላክሲውን ባለ 32 ሜጋፒክስል የፊት ካሜራ ሳትሞክሩ እንዳትወስኑ። የፒክስሉ 13 ነው።