ኒው ጀርሲ ጥድ ለማየት ይኬዳል?

ፊላዴልፊያ ሰርግ ነበረብን። ሰርጉ ሲያልቅ ወደ ሜሪላንድ ከመመለስ ይልቅ ድልድዩን ተሻግረን ደቡብ ኒው ጀርሲ ገባን። ሐሳቡ የእኔ ነው። ቤት ከገዛን ወዲህ ጓሮው ውስጥ ምን ዛፍ እንትከል በሚለው ከባለቤቴ ጋር አልተስማማንም። እሷ ጥድ ትላለች። ቅጠሉ ስለማይረግፍ የጎረቤትን መስኮት ዓመቱን ሙሉ ይጋርድልናል ባይ ናት። እኔ ደግሞ ኦክ እላለሁ፤ በብርዱ ወራት ቅጠሉን የሚያረግፍ ትልቅ ዛፍ ነው። ሁለቱ ተቀላቅለው የሚበቅሉበት ትልቅ ጫካ እዚሁ አጠገባችን ካለ፣ ሄዶ ማየት ነዋ!

አማቴ ከደብረ ብርሃን መጥተው አብረውን ነበሩ። "ለዛፍ ተብሎ መንገድ?" አሉና መኪና ውስጥ ገቡ።

ሌሊቱን ባላወራው ደስ ይለኛል፤ ግን አወራዋለሁ። ሞቴሉ "ሲጋራ አይጨስም" የሚል ወረቀት በሩ ላይ ለጥፏል፤ አልጋው ግን ሲጋራ ሲጋራ ይላል። ማሞቂያው በየአስር ደቂቃው እየጮኸ ይነሳል። ጠዋት ሒሳብ ስንዘጋ "ለሦስተኛ ሰው" ተብሎ 15 ዶላር ተጨመረብን። ስንመዘገብ ሦስት መሆናችንን አይተዋል፤ ያኔ ትንፍሽ ያለ የለም። ተከራከርኩ። ልጁ ስልኩን እያየ "ሲስተሙ ነው" አለኝ። ከፈልኩ።

ማደያው ግን ካሰኝ። ኒው ጀርሲ ውስጥ ቤንዚን ራስህ መቅዳት በሕግ ክልክል ነው። ቀጂው መጥቶ ይቀዳልሃል፤ አንተ ቁጭ ብለህ ታያለህ። አማቴ ይህን ሲያዩ "እንዲህ ነው እንጂ አገር!" አሉ።

ጫካው ፓይንላንድስ ይባላል። ከ1978 ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) በፌዴራል ሕግ የተጠበቀ ሲሆን ስፋቱ ከአንድ ሚሊዮን ኤከር በላይ ነው። ኒው ዮርክና ፊላዴልፊያን በመሰሉ ከተሞች መሃል ይህን ያህል ጫካ መትረፉ ይገርማል። የተረፈው ግን መሬቱ እህል ስለማያበቅል ነው። አሸዋ ነው፤ ኮምጣጣ አፈር። ዝናቡ ሳይቆይ ሰርጎ ይጠፋል። ባትስቶ የሚባለውን የድሮ የብረት ማቅለጫ መንደር በሩጫ አየነው። የ1766 ነው፤ ምድጃው የሚነደው ከዚሁ ጫካ በተከሰለ ከሰል ነበር።

ከዚያ በእግር ገባን። ትንሽ እንደሄድን ግንዶቹ ሁሉ የጠቆሩበት ቦታ ደረስን። አማቴ ቀጥ ብለው ቆሙ። "ምን ዓይነት ጨካኝ ነው ይሄን የለኮሰው?"

ውሻቸውን ይዘው የሚሄዱ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ፊታችንን አይተው ቆሙ። ጡረተኛ ናቸው፤ መንገዱን የሚያጸዱት በበጎ ፈቃድ ነው። ያቃጠለው የግዛቱ የደን እሳት መሥሪያ ቤት ራሱ እንደሆነ ነገሩን። በብርዱ ወራት እየተጠነቀቁ ያነዱታል። ደረቅ ቅጠል ከተከማቸ የሚመጣው እሳት አይቻልም። ሚያዝያ 1963 የተነሳው ከ180 ሺህ ኤከር በላይ በልቷል።

"ግን ዛፉ አልሞተም፤ እዩት" አሉን። እውነትም ከጠቆረው ቅርፊት ውስጥ አረንጓዴ ቅጠል እንደ ጢም ብቅ ብቅ ብሏል። ፒች ፓይን የሚሉት ጥድ ነው። ቅርፊቱ ወፍራም ነው፤ ከሥሩ የተደበቀ እንቡጥ አለው። አብዛኛው የጥድ ዓይነት ከተቃጠለ ወይም ከተቆረጠ አበቃለት። ይሄኛው ግን ከግንዱም ያቆጠቁጣል፣ ገና ለጋ ከሆነ ከጉቶውም።

ለአማቴ ተረጎምኩላቸው። "ታዲያ ባሕር ዛፍ በሉኛ!" አሉ። ደብረ ብርሃን ግንዱ ተቆርጦ አጣና ሆኖ ሲሸጥ ጉቶው ለሚቀጥለው ልጅ እንደሚያድግ በእጃቸው ጭምር አስረዷቸው። ሽማግሌው ባሕር ዛፍን ካሊፎርኒያ ያውቁታል። ሁለቱ በእኔ አስተርጓሚነት ሃያ ደቂቃ ስለ ጉቶ አወሩ። ከጉዞው ሁሉ የወደድኩት ይህን ነው።

እኔ ግን ጥያቄዬን ይዣለሁ። ጥድ አሸዋ ይወዳል ማለት ነው? ሽማግሌው ሳቁ። "አይወድም፤ ይችለዋል እንጂ።" ጥሩ አፈር ቢያገኝማ የበለጠ ያድጋል። ችግሩ ጥሩ አፈር ላይ ሌሎቹ ይቀድሙትና ጥላ ይጥሉበታል። ጥላ ደግሞ አይችልም።

ዘሩም እንደዚያው ነው። ትንሽ ናት፤ ክንፍ አላት፤ ነፋስ ይወስዳታል። ወፍራም የረገፈ ቅጠል ላይ ካረፈች ሥሯ አፈር ሳይነካ ትደርቃለች። ባዶ አሸዋና ሙሉ ፀሐይ ትፈልጋለች፤ ያንን የሚያዘጋጅላት እሳት ነው። አንዳንድ ቦታ ዘሩን የያዘው ቅርፊታም ፍሬ፣ ኮኑ ራሱ በሙጫ ተጣብቆ ስለሚቆይ ሙቀት ካልነካው አይከፈትም።

ኦክ ሌላ ነው። ፍሬው ስንቁን ይዞ ነው የሚወድቀው። ሽኮኮ ይቀብረውና ይረሳዋል። ቅጠል ውስጥ ቢወድቅም ሥሩን ቀድሞ ወደ ታች ይሰድዳል፤ ችግኙ ጥላ ሥር ለዓመታት ታግሦ መቆየት ይችላል። እሳት ሲመጣ ቀጭኑ ግንድ ይሞትና ከሥሩ እንደገና ይጀምራል። ደጋግሞ ከነደደ ግን ሁሌም ከዜሮ ጀማሪ ነው፤ ጥዱ ይበልጠዋል። እሳት ለረጅም ዓመታት ከጠፋ ደግሞ ኦኮቹ ከሥር እየበዙ ይመጣሉ፤ ጥዱ ልጅ ሳይተካ ያረጃል። ሽማግሌው መንገዱ ዳር እየወሰዱ ሁለቱንም አሳዩን። አንዱ ጋ ጥድ ብቻ ነው፤ ሌላው ጋ ከትልልቅ ጥዶች ሥር ያለው ሁሉ ኦክ ነው።

ለምስጋና ከሰርጉ የተረፈንን ድፎ ዳቦ ሰጠናቸው። ከውሻው ጋር ተካፈሉት።

ከሰዓት በኋላ በ72 ቁጥር መንገድ ሄደን ድንክ ጥዶቹን አየን። ቁመታቸው ከሰው ብዙም አይበልጥም፤ እሳቱ ስለሚደጋገምባቸው ነው ይባላል። ለአምስት ደቂቃ ያስገርማሉ። ከዚያ ባለቤቴ ካልሲዋ ላይ መዥገር አገኘች፤ ጉብኝቱም እዚያው አበቃ።

ወደ ኒው ጀርሲ ስትገባ ድልድዩ በነፃ ነው፤ ስትወጣ ያስከፍሉሃል። አማቴ "የሚከፈለው መግቢያ ላይ መሆን አልነበረበትም?" አሉ። መልስ አልነበረኝም።

መንገዱን በሙሉ ስለ ጓሮው ተከራከርን። የእኛ አፈር ቀይ ሸክላ ነው። የጎረቤት ትልቅ ዛፍ ስላለ ፀሐይ የምናገኘው ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው። እዚያ ጥድ ብንተክል የታች ቅርንጫፎቹ በጥላ ይረግፋሉ፤ መስኮቱ ተመልሶ ይታያል። ነጭ ኦክ ግን ሸክላውን ይችለዋል፤ የሜሪላንድ ዛፍ ተብሎ ከተመረጠም ከ1941 ጀምሮ ነው። ዋናው ሥሩ ጠልቆ ስለሚወርድ ትልቁን ከመግዛት ትንሽ ችግኝ መትከል ይሻላል። ይህን ሁሉ ተናገርኩ።

"ኦክህ መስኮቱን እስኪጋርድ ሰውዬው ቤቱን ሸጦ ይሄዳል" አለችኝ ባለቤቴ።

አማቴ ከኋላ ወንበር "ለመስኮቱማ አጥር እጠሩ" አሉ። የአጥር ዋጋ ጠይቄያለሁ። ሁለቱን ዛፎች ከነማዳበሪያቸው ይገዛል።