ሕጉ ጺሟን እንጂ ጾታዋን አይጠይቅም

ባለፈው የፀደይ ወቅት በአሜሪካ ቨርጂኒያ ክፍለ ግዛት በሚገኝ አንድ ጫካ ውስጥ ለአደን ወጥቼ የትልቅ ዛፍ ግንድ ተደግፌ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ፀሐይ ከወጣች አንድ ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ፣ አንዲት የዱር ተርኪ፣ ከዶሮ የምትተልቅ የጫካ ወፍ፣ ከፊት ለፊቴ ካለው ቁጥቋጦ ወጥታ መሬቱን እየጫረች ወደ እኔ ቀረበች። ራሷ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ግራጫ፣ የደረቷ ላባ ደግሞ ጫፉ ፈዛዛ ቡናማ ስለነበር ሴት መሆኗ አላጠራጠረኝም። ሆኖም ከደረቷ መካከል እንደ ፈረስ ጭራ ፀጉር ጠንከር ያለ፣ ከጣት እምብዛም የማይረዝም ቀጭን ጺም ተንጠልጥሏል። በቨርጂኒያ በፀደይ ወቅት የሚፈቀደው ጺም ያለው ተርኪ ብቻ ስለሆነ፣ በዚያች ቅጽበት ብተኩስ የሚጠይቀኝ አልነበረም። እኔ ግን አልተኮስኩም። ከእኔ ጥቂት ራቅ ብሎ ተቀምጦ የነበረው ወዳጄ በኋላ ሲያገኘኝ የመጀመሪያ ቃሉ «ጺሟን አይተሃል፣ ሕጉ ፈቅዶልሃል፤ ታዲያ ምን ስትጠብቅ ነበር?» የሚል ሆነ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በቅጡ ልመልሰው ይገባል።

በመጀመሪያ ስለ ጺሙ። ስሙ ጺም ይባል እንጂ ፀጉር አይደለም፤ መልኩን የለወጠ ላባ ነው፣ በየዓመቱ እንደሌላው ላባ ሳይረግፍ ማደጉን ይቀጥላል። በአውራው ላይ የተለመደ ሲሆን፣ ከሴቶቹ መካከል ግን ብዙ ጊዜ እንደሚገመተው ከመቶ አሥር ያህሉ ብቻ ያበቅሉታል፤ ያም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ አጭርና ሳሳ ያለ ነው። ጺም ያላት ሴት በሽተኛ ወይም መካን ናት የሚል ወሬ በአዳኞች ዘንድ ይናፈሳል። ስህተት ነው። እንደማንኛዋም ሴት ተርኪ ከአውራ ጋር ትገናኛለች፣ ትጥላለች፣ ታቅፋለች፣ ጫጩቶቿንም ታሳድጋለች።

ሕጉ ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት ይለያያል። ቨርጂኒያ፣ ፔንሲልቬኒያና ኒው ዮርክ በፀደይ ወቅት ደንባቸውን የጻፉት በጺም ነው፤ ሚዙሪም አውራውን ወይም ጺሙ በግልጽ የሚታይ ተርኪን ይፈቅዳል። ጆርጂያና አላባማ ግን አውራ ብቻ ይላሉ፤ ስለዚህ እኔ ፊት የቆመችው ያቺው ወፍ ጆርጂያ ውስጥ ብትሆን ኖሮ እሷን መግደል ወንጀል ይሆን ነበር። በወፏ ላይ የተለወጠ አንድም ነገር ሳይኖር የደንቡ ቃል ብቻ ተለውጧል ማለት ነው።

ወዳጄ የዘነጋው ነገር አንዳንድ ክፍለ ግዛቶች ለምን ጺምን እንደመረጡ ይመስለኛል። የፀደይ አደን የተመሠረተው በአውራው ላይ ነው። አንድ አውራ ከብዙ ሴቶች ጋር ይገናኛል፤ ሴቷም የተቀበለችውን ዘር ለሳምንታት በሰውነቷ ውስጥ አቆይታ እንቁላሏን ማዳበር ትችላለች፤ በመሆኑም ጥቂት አውራዎች ቢቀነሱ መንጋው እምብዛም አይጎዳም። ሕግ አውጪው ታዲያ አዳኙ በማለዳ ጭጋግና በቅጠል መካከል አውራውን ከሴቷ የሚለይበት፣ ተቆጣጣሪውም የሞተውን ወፍ ይዞ በቀላሉ የሚያረጋግጠው ምልክት ያስፈልገው ነበር፣ ጺሙንም መረጠ። ጥቂት ሴቶች በዚህ ቀዳዳ እንደሚያልፉ ያውቃል፤ ቁጥራቸው አነስተኛ ስለሆነና በቅን ልቦና የተሳሳተ አዳኝ ወንጀለኛ እንዳይሆን ሲል ታግሦታል። ስለዚህ ፈቃዱ ለስህተት የተተወ ክፍተት ነው እንጂ «ሴቷን ብትገድል መልካም ነው» የሚል ፍርድ አይደለም። ደንቡ አሁን እንዳለ ቢቀጥልም አልቃወምም።

ከእኔ ጋር በአቋም ከሚስማሙት አንዳንዶች ጋር የምለያየውም እዚህ ላይ ነው። ጺም ያላትን ሴት መግደል የተርኪን ዘር ያጠፋል ሲሉ እሰማለሁ። ይህ ማጋነን ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ተርኪን ከብዙ ክፍለ ግዛቶች ያጠፋው የደን ጭፍጨፋና ገደብ ያልነበረው ለገበያ የሚደረግ አደን ነው፤ የመለሰውም በ1937 የወጣው፣ በጠመንጃና በጥይት ላይ የሚጣለውን ቀረጥ ለዱር እንስሳት ጥበቃ ያዋለው የፒትማንና ሮበርትሰን ሕግ፣ ከዚያም ከ1950ዎቹ ጀምሮ ወፎቹን በመድፍ በሚተኮስ መረብ ይዞ ወደ ባዶ ጫካዎች የማዛወሩ ሥራ ነው። በደቡብ ክፍለ ግዛቶች ቁጥሩ በቅርብ ዓመታት እንደገና መቀነሱ እውነት ቢሆንም፣ ተጠያቂዋ ጺም ያላት ሴት ናት የሚል አዳኝ ሲገጥመኝ ዝም ማለት እመርጣለሁ።

የእኔ ምክንያት ከዚህ ይጠብባል፤ የሚመለከተውም ያቺን አንዲት ወፍ በዚያ ሳምንት ነው። የቨርጂኒያ የፀደይ አደን የሚከፈተው በኤፕሪል ወር ሁለተኛ ቅዳሜ ነው። ሴቷ በዚያን ጊዜ ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት የሚሆኑ እንቁላሎችን በቀን አንድ አንድ እያለች መሬት ላይ ትጥላለች፣ ቀጥሎም 28 ቀን ያህል ትታቀፋቸዋለች። አውራው በዚህ ሁሉ ውስጥ የለበትም። ጫጩቶቹ በርረው ዛፍ ላይ ለማደር ሁለት ሳምንት ያህል ስለሚፈጅባቸው፣ እስከዚያ ድረስ ሌሊቱን መሬት ላይ ከክንፎቿ ሥር ያድራሉ። እሷ ከሞተች የሚተካት የለም፤ እንቁላሉ ይቀዘቅዛል፣ ወይም ራኩን የሚባለው አውሬና የቁራ ሲሳይ ይሆናል። አደኑ በወቅቱ የመጀመሪያ ሳምንታት እኩለ ቀን ላይ እንዲቆም መደንገጉ ራሱ አንዱ ዓላማው ጎጆ ያላትን ሴት ላለመረበሽ ነው። ሰዓቱን ለእሷ ሲል የገደበ ሕግ በሌላ በኩል ጺሟን አይቶ እንድትገደል ይፈቅዳል፤ ይህን መጋጨት አይቶ መወሰን የአዳኙ ድርሻ ይመስለኛል።

ወዳጄ ግን ያለ መልስ አልተወኝም። «በመኸር ወራትስ?» አለኝ። በቨርጂኒያ የመኸር አደን ጾታ አይለይም፤ እኔም ባለፈው ኅዳር ሴት ተርኪ ገድዬ በልቻለሁ፣ ያኔ አብሮኝ ነበር። በዚያን ጊዜ ጫጩቶቹ አድገው ራሳቸውን ችለዋል፤ የሚቀዘቅዝ እንቁላልም የለም። ነገር ግን ያቺ ሴት በሕይወት ብትተርፍ ኖሮ በቀጣዩ ፀደይ ትጥል ነበር፤ ለመንጋው ከሆነ የማስበው፣ በኅዳር የገደልኳት ከኤፕሪሏ ብዙም አትለይም። ይህንን አምኜለታለሁ። ልዩነቱ ጎጆው ላይ ብቻ ነው፣ ለእኔ ደግሞ ይህ በቂ ነው፤ ለወዳጄ ግን አልበቃውም።

በአንድ ነገር ላይ ግን ሁለታችንም ተስማምተናል። በፀደይ ጫካ ውስጥ ጺምን ብቻ የሚፈልግ ዓይን አደገኛ ነው፤ በቁጥቋጦ መካከል የተንጠለጠለች ጥቁር ነገር ጺም ትመስላለች፣ የአውራው ራስ ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ በመሆኑም አዳኞች እነዚህን ቀለሞች ለብሰው እንዳይገቡ የሚመከሩት ለተርኪ ተብሎ የተተኮሰ ጥይት ሰው መትቶ ስለሚያውቅ ነው። ስለዚህ ከእንግዲህ አብረን ስንወጣ መጀመሪያ የወፉን ራስ፣ ቀጥሎ የደረቱን ላባ፣ ጺሙን በመጨረሻ እናያለን። ግራጫ ራስ ያየሁት እኔ ከሆንኩ ጠመንጃዬን ዝቅ አደርጋለሁ፤ ያየው እሱ ከሆነ ውሳኔው የእሱ ነው፣ ፈቃዱም በኪሱ ውስጥ አለ።